ትርፉ ጄኔራል

ለአባቷ እንግዳ የሚባል ሰው የለም፤ የሚፈልገውን ገና ያልተናገረ ሰው ነው ያለው። ስለዚህ ልጅቷ፣ «የልጁ እናት እሁድ ለምሳ ትመጣለች» ስትለው፣ አረፋ የተቀባ ጉንጩን ግማሹን እንደላጨ ምላጩን አቆመና በመስተዋቱ ውስጥ አያት።

«ምን ፈልጋ?»

«አባዬ ደግሞ! ልጇ ሊያገባኝ ነው። ሌላ ምን ትፈልጋለች?»

«ልጇ የሚፈልገውን እንኳ ገና አላወቅንም።» ምላጩን በውሃ አለቀለቀው። «ከተማው መድኃኒት ቤት በመድኃኒት ቤት ነው። እሱ ግን ከቴሌቪዥን ጣቢያው ተነስቶ፣ ያን ሁሉ አልፎ፣ አንቺ ከምትሠሪበት ቤት ሳል ያዘኝ ብሎ ገባ። አይገርምሽም?»

«አይገርመኝም።»

«እኔን ይገርመኛል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

«አንተ ጠርጥረህ ምን አተረፍክ?»

«ይኸው፣ አልተመነጠርኩም» አለና የቀረውን ጉንጩን ላጨ።

ጎረቤቱ «ትርፉ ጄኔራል» ይለዋል፤ ሲያሳጥሩት «ትርፉ»። በጦርነቱ የመጨረሻ ዓመታት በሬዲዮ የእሁድ መዝናኛ ላይ የጦሩን ጠቅላይ አዛዥ ድምፅ እያስመሰለ የሚቀልደው እሱ ነበር። ያ ወፍራም፣ እንቅልፍ የተጫነው የሚመስል ድምፅ አንዲት የጠፋች ካልሲ ለመማረክ ቁም ሳጥን ሲያስከብብ፣ ለአንድ የገበሬ በሬ የማዕረግ እድገት ሲሰጥ፣ አገሩ በየቤቱ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ሌላው ሰው በአንዲት ቃል በሚታሰርበት ዘመን ይህን ቀልድ ሊያስቆም የደፈረ አልነበረም፤ ጄኔራሉ ራሱ ይስቅበት ነበርና። እንዲያውም ወደ መኮንኖች ክበብ እያስጠራ ፊቱ ያስቀልደው ነበር።

ከዚያ ያ ጠዋት መጣ። ሸማቂዎቹ ዋና ከተማዋን ከበዋል፤ ሬዲዮው ሙዚቃ ብቻ ያሰማል። በድንገት ሙዚቃው ተቋረጠና የጄኔራሉ ድምፅ፣ ጦሩ ባለበት ቆሞ መሣሪያውን እንዲያስረክብ አዘዘ። ጦሩ አስረከበ። መንግሥቱም ብዙ ሳይቆይ ወደቀ። ጄኔራሉ ግን ከተሰደደበት አገር ሆኖ፣ «ያ ድምፅ የእኔ አይደለም፤ የዚያ አስቂኝ ነው» አለ። ግማሹ አገር አመነው፤ ግማሹ «የፈሪ ሰበብ» አለ።

አባቷ ግን አዎም፣ አይደለምም አላለም። በአንድ የቴሌቪዥን ጨዋታ ላይ አቅራቢው በቀጥታ ሲጠይቀው፣ የሌለ ቆብ ራሱ ላይ አስተካክሎ ሰላምታ ሰጠ፤ አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ ለሠርግ መድረክ፣ ለሳሙና ማስታወቂያ፣ ለድርጅት ምረቃ የሚጠራው በዚያ ሰላምታ ነው። ጦርነቱን ያስቆመ ሰው ነው ብሎ አንገቱን አቅፎ የሚስመው አለ፤ ሲያየው ምራቁን የሚተፋም አለ። አሁን የሚኖሩበትን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት አዲሱ የከተማ አስተዳደር ለአርቲስቶች ሲያድል ነው ያገኘው፤ ጎረቤቱ ግን «የድምፁ ዋጋ ነው» ይላል።

ያን ጠዋት ልጅቷ ገና የምትታቀፍ ሕፃን ነበረች። ትምህርት ቤት ሳለች በአባቷ ትኮራበት ነበር፤ ካደገች በኋላ ግን በምኑ እንደምትኮራ እርግጠኛ አልሆነችም። አንድ ጊዜ በቀጥታ ጠይቃው ነበር። በጄኔራሉ ድምፅ፣ «የቤት ሥራሽን ሥሪ፤ ይህ ትዕዛዝ ነው» አላት። ሳቀች፤ ጥያቄውም በሳቁ ውስጥ ጠፍቶ ቀረ።

አሁን ግን የሚሳቅበት አልሆነም። ልታገባው የምትፈልገውን ልጅ የሥራ ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል። ድምፅ ቀጂ ነው፤ በቀረጻ ክፍል ውስጥ ዝንብ ብትገባ ሥራውን የሚያስቆመው እሱ ነው። የጆሮ አባት በጦርነቱ ጊዜ በድልድዩ ጦር ሰፈር የመገናኛ ሠራተኛ ነበር። ያን ጠዋት ማዳመጫውን አጥልቆ ትዕዛዙን የሰማና፣ «የራሱ የጄኔራሉ ድምፅ ነው» ብሎ ለአለቆቹ ያረጋገጠው እሱ ነው። ጦሩ በሱ ቃል መሣሪያውን ከምሮ ተቀመጠ። የደረሰው የሸማቂ ጦር ግን ምርኮኛ ሊይዝ የመጣ አልነበረም። ከዚያ ሰፈር በሕይወት የወጣ ጥቂት ነው፤ የጆሮ አባት ከወጡት ውስጥ የለም።

እናቱም ልጇን፣ «ያ ሰውዬ አድርጎት ከሆነ ሠርግህ ላይ አልቆምም፤ አንተም ከዚያ ወዲያ እናት አለኝ አትበል» ብላዋለች። ጆሮ ይህን ለልጅቷ ነግሯታል። እናቱን ጥሎ እንደማያገባም ነግሯታል። ስለዚህ የእሁዱ ምሳ ለአፍ የሚቀርብ ምሳ ብቻ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል።

ልጅቷን የሚበላት ሌላም ነገር ነበር። የጆሮ ጣቢያ ስለ ጦርነቱ ማብቂያ ትልቅ ፕሮግራም እያዘጋጀ ነው። «እኔ ድምፅ ከማስተካከል ሌላ አያገባኝም» ይላል ጆሮ። በተዋወቁ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ የአባቷን የድሮ የሬዲዮ ካሴቶች «ጩኸታቸውን ላጽዳቸው፤ እየተበላሹ ነው» ብሎ ጠይቋት፣ ከቁም ሳጥኑ ላይ ካርቶኑን አውርዳ ሰጥታዋለች። ለአባቷ አልነገረችውም። አባቷ «ያልጠረጠረ» ባለ ቁጥር ዓይኗ ወደዚያ ባዶ ቦታ ይሄዳል።

እሁድ እናቷ ከማለዳ ጀምራ ወጥ ቤት ነበረች። የቲያትር ቤት ትኬት ሻጭ ሆና ጡረታ የወጣች፣ ጥቂት ተናግራ ብዙ የምታይ ሴት ናት። ሩዝ፣ ሾርባ፣ የተጠበሰ ዶሮ ሠራች። የምግብ ጠረጴዛቸው ጠባብ ስለሆነ የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ ጎኑ አስጠግተው በአንድ ጨርቅ ሸፈኑት፤ ቁመታቸው ስለማይገጥም መሀል ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

ደወሉ ሲጮህ አባቷ ቀድሞ በሩን ከፈተ። የጆሮ እናት አዋላጅ ናት፤ ጠንካራ ክንድ ያላት፣ ፈጣን ሴት። እያለከለከች ገባች።

«ደረጃችሁ ምንድን ነው እናንተ! እዚህ ቤት ያረገዘች ሴት ካለች ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው የምትገላገለው።»

እናቷ ሳቀች። ልጅቷም ሳቀች፤ ልቧ ትንሽ ቀለል አላት። ወዲያው ግን አባቷ የዳቦውን ቅርጫት ይዞ መጣ።

«ስልካችሁን እዚህ አድርጉልኝ። እዚህ ቤት ስልክ ከዳቦ ጋር ነው የሚውለው።»

«አባዬ!»

«ምን አልኩ? ምግብ ላይ እንዳይጮኽ ነው።»

አዋላጇ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «የሚደብቅ ነገር የሌለው ሰው የእንግዳ ስልክ አይሰበስብም» አለች ፈገግ ብላ። ስልኳን ግን አኖረች።

«የሚፈልገው ነገር የሌለው እንግዳም ለመስጠት አያመነታም» አለ አባቷ፣ ጆሮን እያየ። ጆሮ ዘግየት ብሎ ስልኩን አወጣና ከእናቱ ስልክ ጎን አስቀመጠ። ቅርጫቱ ወደ ወጥ ቤት ሄደ።

ተቀመጡ። እናቷ ሾርባ ቀዳች። አዋላጇ ማንኪያዋን አላነሳችም።

«ይብሉ እንጂ» አለቻት እናቷ።

«ጠይቄ ነው የምበላው፤ አይቀየሙኝ። ከበላሁ በኋላ ያበላኝን ሰው እንዴት አድርጌ እመረምራለሁ?» ወደ አባቷ ዞረች። «ባሌን የገደለው ጥይት ነው። እሱን ተቀብዬዋለሁ። እኔን የገደለኝ ሌላ ነው። የጓደኞቹ ሚስቶች እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ተሻግረው ያልፋሉ። ‹ባልሽ ነው ያስፈጀን› ይሉኛል። ‹ጄኔራልና ቀልደኛ መለየት ያቃተው› ይሉታል። የአንዷን ልጅ ያዋለድኩት እኔ ነኝ፤ ሕፃኑን ተቀብዬ ባስታቅፋት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችብኝ። ስለዚህ አንዲት ነገር ይንገሩኝ። ያን ጠዋት በሬዲዮ የተናገሩት እርስዎ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ያ የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ሲጠይቅዎ ለምን አይደለሁም አላሉትም?»

አባቷ ጨርቁን በጣቱ አሸት አደረገ። «ሰው ሲያጨበጭብለት ‹ተሳስታችኋል› የሚል ቀልደኛ አይተው ያውቃሉ? ወሬውን እኔ አልወለድኩትም። እቤቴ መጣ፣ እንጀራ ይዞልኝ መጣ፤ አላባረርኩትም።»

«ዛሬ ለምን ያባርሩታል?»

«ልጄ ልታገባ ነዋ!»

«እኔም የምጠረጥረው ይህንኑ ነው» አለች አዋላጇ። «ትናንት ዝም ማለት ጠቀመዎት፤ ዝም አሉ። ዛሬ መካድ ይጠቅመዎታል፤ ካዱ። እውነቱ የትኛው ቀን ላይ ነው ያለው?»

አባቷ ከፊቱ ያዘነበለውን ብርጭቆ አቃናው፤ መልሶ አዘነበለ። ልጅቷ አባቷ ቀልድ ሲያልቅበት ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ወደደችውም፣ ፈራችውም።

እናቷ ድስቱን ከደነች። «እኔ ልንገርዎት። ያን ጠዋት ይህ ሰውዬ አልጋ ሥር ነበር። ተኩስ ከተሰማ ጀምሮ። እኔ እሷን ታቅፌ ቆሜ ሁለቱንም አባብላለሁ። ሬዲዮው ‹መሣሪያችሁን አስረክቡ› ሲል ከአልጋው ሥር ራሱን ብቅ አድርጎ፣ ‹ይህ ማን ነው እንደ እኔ የሚናገረው?› አለኝ።»

ጆሮ ሳቀ፤ አዋላጇም ሳታስበው ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ በረደ።

«ጥሩ ይናገራሉ፤ ደስ ይላል። ግን ሚስት ለባሏ ብትመሰክር ማን ይሰማታል? እኔም ለባሌ ይህን ሁሉ ዓመት መስክሬያለሁ። ማን አመነኝ?» ከዚያ ወደ አባቷ ተጠጋች። «እስቲ ያን ድምፅ ያሰሙኝ።»

«ምን ያደርግልዎታል? አሳምሬ ባደርገው ‹እሱ ነው› ይላሉ። ባበላሸው ‹ሆን ብሎ ነው› ይላሉ።»

«ያሰሙኝ።»

«አድርግላት» አለች እናቷ።

አባቷ አንገቱን ወደ ትከሻው ሰበሰበ። ጉንጩ ወደ ታች ወረደ፤ ዓይኑ ግማሽ ተከደነ። የቀለበት ጣቱ ከፊቱ ያዘነበለውን ብርጭቆ፣ ኳ፣ ኳ አደረገ። ከዚያ ያ ወፍራም ድምፅ ከዚያ ቀጭን ደረት ወጣ፦

«ጦሩ ባለበት ይቁም። የሚመጣው እንግዳ ነው። እንግዳ በጠመንጃ አይቀበሉትም።»

ልጅቷ ይህን ድምፅ ስትሰማ ነው ያደገችው፤ ሁልጊዜም ስቃበታለች። አሁን ግን ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። አዋላጇ ዓይኗን ጨፍናለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«ይኸው» አለ ጆሮ ቀስ ብሎ።

«ይኸው ምን?» አለች እናቱ፣ ዓይኗን ገልጣ።

«ምቱ። ብርጭቆውን መታ፤ ሁለት ጊዜ።» ጆሮ የሚያየው አባቷን ሳይሆን ሳህኑን ነበር። «የዚያን ጠዋት ስርጭት ጣቢያችን ውስጥ አለ። ከመናገሩ በፊት ማይክሮፎኑን የሚመታ ነገር ይሰማል፤ የብረት ነገር፣ ሁለት ጊዜ። ማዳመጫ ያላጠለቀ ሰው አይሰማውም፣ ስክሪን ላይ ግን እንደ እሾህ ቆሞ ይታያል። ከዚያ በፊት የተቀዱትን የጄኔራሉን ንግግሮች ሁሉ አዳምጫለሁ፤ አንድም ቦታ አይመታም። በእርስዎ የእሁድ ቀልድ ላይ ግን በያንዳንዱ አለ።»

አባቷ ልጅቷን አያት። «ካሴቶቼን ከየት አገኘ?» አላላትም፤ ዓይኑ ግን አላት። ልጅቷ ወደ ጨርቁ አቀረቀረች።

«እና ምን ልትለኝ ነው?» አለ ለጆሮ።

«እኔ ምንም አልልም። የሰማሁትን ነው።»

«እሺ፤ አሁን ደግሞ እኔን ስማ።» አባቷ ቀለበቱን ከጣቱ አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ምቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። የስቱዲዮው ማይክሮፎን ገመዱ የላላ ነበር፤ መሥራት አለመሥራቱን ለማየት በቀለበቴ ነካሁት። የታደመው ሰው የጄኔራሉ ጠባይ መስሎት ሳቀ። ከሳቀ ያዝኩት። ጄኔራሉ ክበቡ ውስጥ ባየው ጊዜ በሳቅ ሞተ። ከዚያ ብርጭቆ ሲያነሳ ይመታ ጀመር። ከዚያ ሰው ዝም ሲያሰኝ። በመጨረሻው ዓመት ማይክሮፎን በያዘ ቁጥር ይመታል። መጀመሪያ እኔ እሱን መሰልኩ፤ በኋላ እሱ እኔን መሰለ።»

«ጄኔራሉ?» አለ ጆሮ። «እርስዎን?»

«ሰው መስተዋት ሲያይ ፀጉሩን አያስተካክልም? እኔን እያየ ራሱን አስተካከለ።»

«ታዲያ ቅጂዎቹ ላይ ለምን የለም?»

«የመጨረሻውን ዓመት ለወታደር እንጂ ለሬዲዮ መች ተናገረ? እየዞረ በየጦር ሰፈሩ ነበር።»

«ይህን ያየ ማን አለ?»

«መኮንኖቹ። የሞተው ሞቷል፤ የቀረው ከአገር ወጥቷል።» አባቷ ሳቅ አለ፤ ሳቁ አላማረበትም። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።»

ልጅቷ አላመነችውም። ልታምነው ፈልጋ ነበር፤ ግን የተናገረው ነገር የእሁድ ቀልድ ይመስላል፦ ጄኔራል ቀልደኛውን ሲያስመስል። ምስክሮቹ ደግሞ ሁሉም ሙታን ወይም ስደተኞች። አባቷ ሲዋሽ ድምፁ አይንቀጠቀጥም፤ እውነት ሲናገርም አይንቀጠቀጥም። በየትኛው ልትለየው? ሠርጓ እዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ ከዶሮው አጠገብ፣ ሲሞት እያየች ተቀመጠች።

አዋላጇ ቀለበቱን አንስታ አገላበጠችው።

«ማይክሮፎኑን ነው ያሉት?»

«አዎ።»

«በቀለበት?»

«በቀለበት። ምነው?»

አዋላጇ ቀለበቱን በመዳፏ ጨበጠችው። ስትናገርም ለማንም እንደምታወራ አልሆነችም። «ባሌ የመጨረሻ ፈቃዱን የመጣ ጊዜ ነዝንዞ ገደለኝ። ልጁ ጥርስ እያወጣ ያለቅሳል፤ እሱ ስለ ዕቃው ያለቅሳል። ‹ጄኔራሉ ሰፈራችንን ሊጎበኝ መጣ› አለኝ። ‹ጭነት መኪና ላይ ወጣ፤ ማይክሮፎኑን አቀበልኩት፤ ኳ፣ ኳ አደረገብኝ። ያለኝ አንድ ማይክሮፎን ነው፤ እሱ ያን ቀልደኛ ልምሰል ሲል ሊሰብርብኝ ነው።› ወታደሩ የእሁዱን ቀልድ ያውቀዋል፤ ከንፈሩን ነክሶ ቆመ አለኝ። ከኋላ አንዱ አምልጦት ሳቀና ሽንት ቤት ሲጠርግ ሰነበተ።» ቀና አለች። «እኔ ስለ ዕቃው ሲያጉረመርም ነበር የመሰለኝ። ‹ተው እባክህ፣ መንግሥት ሌላ ይገዛልሃል› ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ።»

ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

«ስለዚህ ያን ጠዋት ምቱን ሰምቷል» አለች። «ምቱን ሰምቶ ነው ‹የራሱ ነው› ያለው። ራሱም ነበር፤ እርስዎ ዛሬ ያሉትን ባሌ ያኔ ነግሮኛል። ባሌ አልተሳሳተም።»

እናቷ ተነስታ ከአዋላጇ ኋላ ቆመችና ሁለት ትከሻዋን ያዘች። አዋላጇ በመዳፏ ፊቷን ጠረገች፤ ከዚያ በመሀል፣ በእንባዋ ላይ፣ የሾርባውን ማንኪያ አንስታ ጎረሰች፤ ሁለተኛም ጎረሰች፤ እንደ ራባት ሰው።

«አዝዞ ካደ» አለች እየዋጠች። «አዝዞ፣ አስፈጅቶ፣ ባሕር ማዶ ተቀምጦ ‹አስቂኙ ነው› አለ። እኛም አስቂኙን ስንረግም ኖርን።» ወደ አባቷ ዞረች። «እርስዎም ይህን እያወቁ ሰላምታ ሰጡበት።»

«ሰጠሁበት» አለ አባቷ።

ልጅቷ ሁለቱን እያየች ነበር። አባቷን ልታቅፈው ከወንበሯ ልትነሳ ስትል፣ ጆሮ ወደ እናቱ ዘንበል አለ።

«እማዬ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ድገሚው» አለ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ቀስ ብለሽ። ‹የመጨረሻ ፈቃዱን የመጣ ጊዜ› ካልሽበት።»

ይህን ሲል እጁ ወደ ሸሚዙ ኪስ ሄደ፤ ነገሩን ነካ አድርጎ፣ ቦታውን አስተካክሎ ተመለሰ። እንደ ልማድ ነው፤ ራሱም ያወቀው አይመስልም። ልጅቷ ግን አየችው።

«ኪስህ ውስጥ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«እጅህ የሄደበት።»

«ብዕር ነው።»

እጇን ዘረጋች። ጆሮ እናቱን አየ፣ በሩን አየ፣ ከዚያ ከኪሱ የአውራ ጣት የምታህል መቅጃ አወጣና ቀለበቱ ጎን አስቀመጠው። ትንሿ ቀይ መብራት በርታለች።

ትርፉ ጄኔራል አፉን ከፈተ። ወደ ወንበሯ የተመለሰችው ሚስቱ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው፤ ዘጋው።

«አንተ!» አለች አዋላጇ። «የእኔን ልቅሶ ነው የምትቀዳው?»

«ያንቺን አይደለም እማዬ። እሳቸው ካመኑ በድምፃቸው ይቀመጥ ብዬ ነው። ለፕሮግራሙም፣ ለአንቺም። ለእነዚያ ሴቶች ታሰሚያቸው ነበር።»

ልጅቷ መቅጃውን አጠፋችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ በሽተኛን ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ስትጠይቅ የምትናገርበት ድምፅ ነበር።

«የስርጭቱን ምት መቼ ነው የሰማኸው?»

«ሳላውቅሽ በፊት።»

«ለእናትህ ለምን አልነገርካትም?»

«እርግጠኛ ሳልሆን ምን ብዬ? የእሁዱ ቀልድ ላይ መኖሩን ማረጋገጥ ነበረብኝ። ጣቢያው ውስጥ አንድም ካሴት አልተረፈም። እቤታችሁ እንዳለ ሰው ነገረኝ።»

«ሰውየው የት እንደምሠራም ነገረህ።»

ጆሮ ዓይኑን ወደ ሳህኑ መለሰ።

«ሳልስ?»

«ሳል አልነበረኝም» አለ። ከዚያ ፈጠን ብሎ፣ «በኋላ ግን እውነቴን ነው፣ በኋላ ሌላ ነገር ሆነ፤ ታውቂያለሽ» አለ።

«በኋላውን አልጠየቅኩህም።» መቅጃውን አገላበጠችው። «ምቱን በሰማህበት ቀን እናትህን ጠይቀህ ቢሆን፣ ያን ቀን ይህን ትነግርህ ነበር። ነገሩ እዚያው ይቋጭ ነበር። እሷም ይህን ያህል አንገቷን ደፍታ አትሄድም፣ አባቴም በገዛ ቤቱ አይመረመርም ነበር። አንተ ግን ለካሜራ አስቀመጥከው።»

«ይቅርታ» አለ ጆሮ።

«ሰው ለካሴት ብሎ ገብቶ ለሰው ብሎ ሊቆይ ይችላል፤ አይሆንም አልልም። ግን ከዛሬ ወዲያ ‹ደህና ዋልሽ?› ባልከኝ ቁጥር ኪስህን ነው የማየው። እንደዚህ ሆኜ አላገባም።» መቅጃውን ወደ እሱ ገፋችው። «ካሴቶቹን አምጣ። ከአባቴ የምትፈልገው ካለ አባቴን ጠይቀው፤ ከሰጠህ ይስጥህ። ፕሮግራምህ ሲያልቅ፣ እዚህ ቤት የምትወስደው ዕቃ ሲያልቅ፣ ያኔም መምጣት ካሻህ እናያለን። ቃል አልሰጥህም።»

ጆሮ መቅጃውን ይዞ ተነሳ። «እንሂድ እማዬ።»

«አንተ ሂድ» አለች አዋላጇ። ከዶሮው ቆረሰች። «እኔ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ጉዳይ አለኝ።»

እናቷ ወጥ ቤት ገብታ ስልኩን አምጥታ በእጁ ሰጠችው። በሩ ተዘጋ።

አዋላጇ ለአባቷ ነገረችው፦ ነገ ከሥራ በኋላ መጥታ ትወስደዋለች። ከሴቶቹ አንዷ ዳቦ መጋገሪያ ውስጥ ትሠራለች፣ አንዷ ትምህርት ቤት፤ አንድ በአንድ ይዞሯቸዋል። እሷ የባሏን ነገር ትናገራለች፤ እሱ ደግሞ «እኔ አይደለሁም፣ ዝም ያልኩት ለእንጀራዬ ነው» ይላል። በዚህችው ቃል።

«ካላመኑኝስ?»

«አያምኑዎትም፤ መጀመሪያ ላይ። እኔስ አመንኩዎት?»

«ወሬው ከተሰማ ደግሞ የሚጠራኝ የለም። ትርፉ ጄኔራል አልጋ ሥር ነበር ከተባለ፣ ማን ሠርጉ ላይ ይጠራኛል?»

«እኔ ነኛ የምነግራቸው፣ የአልጋውን» አለች ሚስቱ። «ከአንተ ይልቅ እኔ ሳወራው ያስቃል።»

አባቷ ቀለበቱን አነሳ፣ አየው፣ ወደ ጣቱ መለሰው። እምቢም እሺም አላለም። «ስንት ሰዓት ይመጣሉ?» ብቻ አለ።

ልጅቷ ይህን በግማሽ ልብ ነበር የምትሰማው። የጆሮ ጫማ ደረጃውን ሲወርድ ይሰማታል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ቆመ። እሷም ማንኪያዋን ይዛ ሳትንቀሳቀስ ጠበቀች። እዚያ ቆሞ ምን እንደሚያስብ፣ ሊመለስ ይሁን፣ ስልኩን እያየ ይሁን፣ ልታውቅ አልቻለችም። ከዚያ ጫማው እንደገና መውረድ ጀመረ፤ የታችኛው በር ተከፍቶ ተዘጋ።

«ሩዝ ልጨምርልዎት?» አለቻት አዋላጇን።